በምስማር የተጻፈ ደብዳቤ

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ለስዩም አያሌው፤ አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ የአሰብ ሙቀት ጨርሶ ሳያቀልጥህ ይህች ደብዳቤ እንድታገኝህ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። እምዬ ደህና ናት። አባባም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል። ባለፈው ስለ አባባ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅከኝ ሦስት ጊዜ ልመልስልህ፤ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው።

ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልህ መቆየቴን ይቅር በለኝ። «የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ፊደል ለይቶ ካነበበ በኋላ ደግሞ ምን ልታስተምሪው ነው?» ላልከው መልሱ ጠፍቶኝ ነው። አሁን ያገኘሁት ይመስለኛል። ማክሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሰው ከእርሻ ሲመለስ፣ «ምን ቢሆን» የሚባል ሰዓት ጀምሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። መጀመሪያ ቀን ቂጡ የተቀደደ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይህ ምን ምን ሊሆን ይችላል?» አልኳቸው። ሸማኔው አብዱልሐሊም እጁን አወጣና «እታለም፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ መልሱን ንገሪንና እንጻፈው» አለኝ። መልሱ እኔም ዘንድ የለም ስላቸው ክፍሉ ሁሉ ክው አለ። «አስተማሪዋ ያላወቀችውን እኛ ከየት እናመጣዋለን?» ብለው ሦስቱ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ።

ብታምንም ባታምንም ሐሙስ ዕለት ተመለሱ። ሙሉወርቅን ታስታውሳታለህ፣ አጥር የምንጋራትን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቀዋን። እሷ ናት ብድግ ብላ «ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ በርበሬዬ መሃል ብቀብረው፣ ውኃውን ቀስ እያለ አያጠጣልኝም?» ያለችው። ስትጨርስ በገዛ ድምፅዋ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዛሬ በርበሬዋን ለማየት ሰው ይመጣል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አለሙ ሳይቀር መጣ። አመጣጡስ «ይህ የማን መመሪያ ነው?» ሊለኝ ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብሎ ስለ ጀሪካኑ አራት ሐሳብ ተናግሮ ሄደ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላ ተቀምጠው ሌላው የሚለውን ተከትለው ሲሉ አንደበታቸው ከሁሉም ይፈጥናል፤ አንድ ቀን ግን መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘው አየሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ስዩም። ከእኔና ከሙሉወርቅ በቀር ተማሪዎቹ አያውቁም። ግንቦት ላይ የመሬት ሽግሽግ አለ፤ «ማረስ ያልቻለ ለሚችል ይልቀቅ» እየተባለ ነው። ሽማግሌው መታወራቸው ከታወቀ መሬቴን እነጠቃለሁ ብለው እንቅልፍ የላቸውም። ፊደል ቢለዩና ምስክር ወረቀት ቢይዙ ግን «አይችሉም» የሚላቸው እንደማይኖር አምነዋል። እንግዲህ ዓይን ከሌለ ጣት አለ ብዬ አሰብኩ። ፊደሉን ከቆርቆሮ ቆርጠህ ብትልክልኝስ?

እህትህ ንግሥት

*

አሰብ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

እህትዓለም ንግሥት፤

ኧረ በስመ አብ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር፣ መስከረም ከጠባም በኋላ ጉድ አለ ለካ። ማሰብ ደግሞ ትምህርት ሆነ? እንደ መንጃ ፈቃድ ሊወጣበት ነው? ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው ካቦዬ ሳይቀር ሳቀ። በቀዳዳ ጀሪካን አገር ሊያቀኑ!

ሰላምታዬን ረሳሁት፣ ይቅርታ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንዳለ ነው፤ የብረት መፍቻ ፀሐይ ላይ ረስተሽ ብታነሺው መዳፍሽ ይላጣል። ለእምዬና ለአባባ ጉልበት ስሜልኝ። አባባ ዘንድሮም ትልማቸው እንደ ገመድ የተሳበ ነው? እዚህ ለሰው ሁሉ እያወራሁባቸው ነው።

ለእንዲህ ያለ ነገር እኔን መምረጥሽ ግን ገረመኝ። እኔ አሥራ ሁለት ብሎን ፍታ ስባል አሥራ ሁለት የምፈታ ሰው ነኝ። አሥራ ሦስተኛውን ብፈታ ደመወዝ አይጨመርልኝም፤ ስድብ ነው የሚጨመርልኝ። ይሁን ብቻ፣ ቁረጥ ካልሽ እቆርጣለሁ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከሞተር ዘይት ጣሳ ቆርጬ በሹፌሩ በወርቁ በኩል ልኬልሻለሁ። ሽማግሌው ግን ማናቸው? የአገሬን ሰው ስም ምን አስደበቀሽ?

ወንድምሽ ስዩም

*

መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፤

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰህ። ፊደሎችህ በከተራ ዕለት ደረሱ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ። ክፉ ክፉውን ልንገርህ፦ ጠርዙ ስለት ነው። ሽማግሌው ከሀ እስከ መ ሳይደርሱ ሁለት ጣታቸው ደማ፤ ደሙን በጋቢያቸው ጠርገው «ቀጥዪ» አሉኝ። ለ እና ሰ በጣት አይለዩላቸውም። ደግሞ ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ራብዑ ሲመጣ ሁለት መቶ ምናምን ቆርቆሮ ልትቆርጥ ነው? እኔ መላው ጠፍቶኛል። አንተ ከብረት ጋር የምትውለው ሰው አስብበት። «አልችልም» እንዳትለኝ፣ ክፍሌ ውስጥ ያን ቃል የሚል ሰው ውኃ ቀድቶ ይመጣል።

ስማቸውን አትጠይቀኝ። ቃል ገብቻለሁ።

ስለ አባባም ጠይቀሃል፤ በዝርዝር ልጻፍልህ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከእምዬ ጋር ይከራከራሉ። ዝርዝሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ሐሳብህን ልጠይቅህ። እኚህ ሽማግሌ አንተን የሚያውቁህ፣ ቃልህን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው መጥፋቱን ለኮሚቴው በግልጽ ነግረው ይከራከሩ ወይስ እስከ ሽግሽጉ ይደበቁ? ምን ትላለህ? በጥንቃቄ መልስልኝ።

ንግሥት

*

አሰብ፣ የካቲት 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ንግሥትዬ፤

ደግ ሰነበትሽ? ተቀመጪና አንብቢው፣ የምነግርሽ ነገር ለእኔም ገና አልዋጥልህ ብሎኛል።

ስለ ፊደሎቹ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው ዘይት ፈሰሰበት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጽሑፍሽን አበላሸሁት። ላነሣው ስል ወረቀቱ እንደ መስታወት ሆኖ የፊት ለፊቱ ጽሑፍ በጀርባው በኩል ተገልብጦ ይታየኛል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ካቦው «ምን ነካህ፣ መርዶ ነው?» አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኝ ጀምሯል። ጣሳን ከኋላው በምስማር ብትወጊው ከፊት በኩል እብጥ ይላል፣ አይደለም? እንግዲያው ፊደሉን ለምን እቆርጣለሁ? ነጥብ በነጥብ ወግቼ ላሳብጠዋ!

መጀመሪያ የሠራሁት ሁሉ ተገለበጠ። ግራው ቀኝ ሆነ፣ እኔ ራሴ ማንበብ አቃተኝ፣ ጣሳውን ወረወርኩት። ከዚያ ያ ዘይት የነካው ወረቀት ትዝ አለኝ። ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ ጣሳው ጀርባ ላይ ለጥፌ በምስማር እከተለዋለሁ። ሲገለበጥ ይቃናል! ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ሄድኩበት፤ ለ ለ ነው፣ ሰ ሰ ነው። ንግሥት፣ ማንም አላዘዘኝም! ሠላሳ ዓመት ኖሬ ጭንቅላቴ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያወጣ የነገረኝ ሰው የለም። ደንግጬ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ሁሉንም ፊደል ከነቤተሰቡ ልኬልሻለሁ፤ እጀታ ያበጀሁለት ምስማርም አለበት፣ መጻፍ ከፈለጉ።

ሐሳቤን ስለጠየቅሽኝ ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ፊደሉን ይቁጠሩ፣ ደስ ይበላቸው። መሬቱን ግን ለሚያይ ሰው ይልቀቁ። ዓይን የሌለው ሰው ጥንድ በሬ ነድቶ ምን ሊሆን ነው? አንድ ቀን ማረሻው እግራቸው ላይ ይወጣል። የሰው ሸክም ከመሆን አስቀድሞ በክብር መልቀቅ ነው። ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሙቁ፣ ልጆች ካሏቸው ያብሏቸው። የእኛ አባት ቢሆኑ እንኳ ይህንኑ ነው የምላቸው፦ «አባባ፣ ይብቃዎት። እርስዎ ከእንግዲህ ገበሬ አይደሉም።»

የአገሬ ሰው ሆይ አትቀየሙኝ በይልኝ። እውነት እውነት ናት።

ስዩም

*

ወልድያ፣ መጋቢት 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

ስዩም፤

ሰላምታ አላበዛም። ወልድያ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና እንደመጣሁ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። የየካቲቱን ደብዳቤህን ወርቁ ያመጣው እኔ በሌለሁበት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሙሉወርቅ የገበያ መኪና ላይ ተንጠላጥላ ማሠልጠኛው በር ድረስ መጣች። ስታየኝ እግሬ ላይ ወደቀች። ደብዳቤው ደርሶ አባባ እጃቸው ውስጥ ይዘውት ውለዋል። «ልጄ ምን አለ?» ብለው ጠየቋት። ከዚያ በፊት የሰው ደብዳቤ አንብባ አታውቅም። ኩራት ተሰማትና ጣቷን ከሥር እያስኬደች ጀመረች። ስለ ዘይቱ ስታነብ አባባ እየሳቁ፣ እየተመጻደቁ፣ «የእኔ ልጅ እኮ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ወደ ታች ወረደች። «የእኛ አባት ቢሆኑ እንኳ» የሚለው ላይ ስትደርስ ምን እያነበበች እንደሆነ ገባት፤ ግን እስከ አራት ነጥቡ ሳትደርስ ማቆም እንደሚቻል አታውቅም። እኔ የአንተን ደብዳቤ ሳነብላቸው ሁልጊዜ የማይሆነውን እየዘለልኩ ነበር። ማንበብ አስተማርኳት፤ መዝለል አላስተማርኳትም።

አዎ። ሽማግሌው አባባ ናቸው።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። «ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ በወረቀት አይላክም፣ በረሃ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ምን ይሆንብኛል» ብላ እምዬ በማርያም አስምላኛለች። አምና እርሻው ካለቀ በኋላ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘው ያየኋቸው ዕለት ነው ያወቅሁት። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር፤ ሞራ አይደለም፣ ነርቩ ነው፣ አይመለስም አሉን። ሐሳብህን የጠየቅሁህ «አይዟቸው ይከራከሩ» ትላለህ ብዬ ነው። ቃልህን ይዤላቸው ልገባ ነበር። በሬውን ከጋጣው አወጣለሁ ብዬ በሩን በእሳቸው ላይ ዘጋሁት።

አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ አለች። እራት አልበሉም። በማግሥቱ እየመረኮዙ አለሙ ቤት ሄደው «ዓይኔ ጠፍቷል፣ ደብቄያችሁ ነበር፣ መሬቴን ተረከቡኝ» ብለዋል። አለሙ ደንግጦ ጠቅላላ ጉባኤው ግንቦት 2 ይወስን ብሏል። ደምሴ፣ ከታች በኩል የሚያዋስነን፣ ከአሁኑ ይገባኛል ብሎ ተመዝግቧል። አባባ ከዚያ ዕለት ጀምረው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል።

አንተ ተቀመጡ ያልክበት ቦታ ላይ ናቸው፣ ስዩም።

ንግሥት

*

አሰብ፣ መጋቢት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ንግሥት፤

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ «አዎ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ መሬት ተቀመጥኩ። ምነው እጄ በተቆረጠ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ ከእጅ የወጣውስ ምን ይባላል? ለገዛ አባቴ! «ገበሬ አይደሉም» ብዬ! ሳቃቸው መሃል!

አንቺን አልወቅስሽም። ቆይ፣ እወቅስሻለሁ። አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሦስት ጊዜ ደህና ናቸው ብለሽ ጻፍሽልኝ! ሦስት ጊዜ! ግን ብትነግሪኝስ? አባትየው የሌላ ሰው ሲሆኑ ሰው እንዲህ ይናገራል እንዴ? እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ሽማግሌው የማንም ቢሆኑ አባት ነበሩ።

ፈቃድ ጠየቅሁ። መርከብ ተደርድሯል፣ ከሐምሌ በፊት ሰው አይወጣም አሉኝ። ለመንኳቸው፣ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም። እምቢ አሉኝ።

መቼ ነው የጀመራቸው? እንዴት ነው የሆነው? ከቤት ስወጣ ደህና ነበሩ እኮ! ጠይቂልኝ።

ከዚህ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ አምስት ጣሳ አለ። ለአባባ ነው። ማንም እንዳያነብላቸው። ሙሉወርቅም፣ አንቺም። በጣታቸው ራሳቸው ያንብቡት፣ ካልፈለጉም ይጣሉት። በሰው አፍ እንደገና እንዲሰሙኝ አልፈልግም።

ስዩም

*

መርሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፤

እንደምን ሰነበትክ? ስላቆየሁህ ይቅርታ፣ ከጉባኤው በፊት ብዕር ማንሣት ፈራሁ። ከጉባኤው በኋላ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ደንግጬ ነው የሰነበትኩት። ዛሬ ገና ነው ከራሴ ጋር የተገናኘሁት።

ጣሳዎችህን ለአባባ ሰጠኋቸው። ከጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቆጠሩና ይዘዋቸው ወደ ጓሮ ዞሩ። እስከዚያ ድረስ ያነበቡት፣ ከወልድያ ከተመለስኩ ወዲህ በየካቲቱ ጣሳህ ያስጠናኋቸውን ነጠላ ፊደልና «አገር»፣ «በሬ»፣ «ማኅበር» የመሳሰለውን ነው። ሦስት ቀን ከጓሮ አልጠፉም። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ለእምዬ «ጨው አነሰው» አሏት። እምዬ ሮጣ ወጥታ አለቀሰች፤ ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ስለ ምግብ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ግንቦት 2 ጉባኤው መጋዘኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አለሙ ነገሩን አስረዳ። አባባ እጃቸውን አወጡ። የተናገርኩትን አነሣለሁ፣ መሬቴን አልለቅም አሉ። ሰው ተንጫጫ። ያኔ ከጋቢያቸው ውስጥ አምስቱን ጣሳህን አወጡ። ስዩም፣ እኔ ምን እንደጻፍክ አላውቅም ነበር! መንደሩ ሁሉ ፊት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፦

«አባባ በደልኩዎት። ሳላውቅ የተናገርኩትን አይያዙብኝ። እርሻዎን አይልቀቁ። እርስዎ ገበሬ ነዎት። ልጅዎ ስዩም።»

አብዱልሐሊም «ሱብሐነላህ» ብሎ ተነሣ። ጣሳዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ሰው ዓይኑን እየጨፈነ ይዳስሳቸዋል። ሙሉወርቅ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራ ነበር።

ደምሴ ግን ተነሣ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። «ጋሽ አያሌው፣ ማንበብዎ ደስ ይላል። ማንበብ ግን ማረስ አይደለም» አለ። እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልኩ።

አባባ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ደምሴ፣ አምና ትልሜን አይተህ ምን አልከኝ?»

«በመስመር የተሠመረ ነው አልኩ።»

«ካቻምናስ?»

«ካቻምናም።»

«እነዚያን ሳርስ አላይም ነበር። ካቻምናም፣ ከዚያ በፊትም። አራተኛ ዓመቴ ነው።»

እምዬን ያየኋት ያኔ ነው። እሷ ብቻ አልደነገጠችም። ታውቅ ኖሯል! አምና ያወቅሁ መስሎኝ ስንት ምስጢር ስጠብቅ፣ እኔ ወልድያ ተማሪ ቤት እያለሁ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሌላ ምስጢር ይዘው ነበር። የቀኝ በሬው አንገት ላይ ያለውን ቃጭል ለጌጥ ነው ብለውን አልነበር? አባባ በሱ ነው በሬው መታጠፉን የሚያውቁት። አንድ እግራቸው ካለፈው ትልም አይወጣም፤ ለዚያ ነው ጫማ የማያደርጉት። ማሳው ጠርዝ ላይ ደግሞ እምዬ ዳር እስከ ዳር ጤና አዳም ተክላለች። ሽታው ሲመጣ በሬውን ይመልሳሉ። ጤና አዳም፣ ስዩም! እኔ ለወጥ ነው ብዬ ስቀነጥስ ኖሬያለሁ። እምዬ ክፍሌ ገብታ አታውቅም። «ምን ቢሆን» ነይና ተማሪ ስላት «እኔ ማሰብ የት አውቅልሽ» ነበር መልሷ።

ጉባኤው ተነሥቶ ማሳው ድረስ ሄደ። አባባ ጠመዱ። ሄዱ፣ ጠርዙ ላይ ታጠፉ፣ ተመለሱ። ከሦስተኛው ትልም በኋላ ደምሴ ራሱ ወርዶ ትልሙ መሃል በርከክ ብሎ አየና ስሜን ሰርዙት አለ። ምስክር ወረቀቱን አለሙ እዚያው ማሳው ላይ ሰጣቸው፤ ዓይኑ ትልሙ ላይ ስለነበር ገልብጦ ነው ያስያዛቸው።

መቼ ጀመራቸው ብለህ ላልከኝ መልሱን እኔ አልጽፍልህም። «እሱን ለእኔ ተዪው» ብለው ምስማርህን ጠይቀውኛል። ከጀርባ እየገለበጡ ሲወጉ ከእኔ ይፈጥናሉ፤ እኔን ዓይኔ ይከራከረኛል። ጨርሰው በጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ለወርቁ ሰጡት። ምን እንዳለበት አልጠየቅኋቸውም።

እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ከፊት እምዬ ናት።

ንግሥት

*

(በአሥራ አራት ጣሳ ላይ በምስማር የተጻፈ)

ለልጄ ለስዩም።

ደህና ነህ ወይ። እኔ ደህና ነኝ።

ይቅርታህን ዳስሼዋለሁ። ቂም የለኝም። መሬቱን የመለስኩት አንተ ስላልክ ብቻ አይደለም። ያልከውን እኔም ለራሴ ስለው ስለኖርኩ ነው። አራት ዓመት አርሼ ማረሴን አላመንኩም ነበር።

መቼ ጀመረዎት ብለሃል። አሰብ ስትሄድ ጨልሞብኝ ነበር። መንገድህ እንዳይሰናከል ብዬ ደበቅሁህ። መርሳ ላይ ሁለት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እጄን እያወዛወዝኩ አንዱን ሸኘሁ። ድምፁ እስኪጠፋ መረቅሁት። ኋላ እናትህ ልጅህ በሌላው ነው የሄደው አለችኝ።

በሐምሌ ትመጣለህ አሉኝ። ከመኪና ስትወርድ ዝም ብለህ አትቁም፣ ጥራኝ። ያን ዕለት የተሳሳትኩት አንተም ዝም ስላልክ ነው።

አባትህ አያሌው